ሰልፈኛ የእሳት እራት

ሰልፈኛ የእሳት እራት (ሳይንሳዊ ስሙ ታውሜቶፖያ ፒቲዮካምፓ) በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች የሚገኝ፣ አባጨጓሬው የፓይንና የአርዝ ዛፎችን መርፌ መሰል ቅጠል እየበላ የሚያድግ የእሳት እራት ዝርያ ነው። ስሙን ያገኘው አባጨጓሬዎቹ አንዱ የሌላውን ኋላ ተከትለው ረጅም ሰልፍ ሠርተው ስለሚጓዙ ነው። በደቡብ አውሮፓና በሰሜን አፍሪካ የእነዚህን ዛፎች ቅጠል ከሚያራቁቱ ነፍሳት ዋነኛው ይህ ነው። የአባጨጓሬው ጥቃቅን ፀጉሮች የሰውን ቆዳ፣ ዓይንና የመተንፈሻ አካል ስለሚያቆጡ፣ የቤት እንስሳትንም ክፉኛ ስለሚጎዱ፣ ጉዳዩ የደን ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ጤናም ነው።

ስያሜ

በአማርኛ «የእሳት እራት» የሚባሉት ሌሊት እየበረሩ ወደ ብርሃን የሚሳቡት የቢራቢሮ ዘመዶች ናቸው። «አባጨጓሬ» ደግሞ ገላው በፀጉር የተሸፈነ፣ ሲነኩት የሚያሳክክና የሚያቃጥል የቢራቢሮ ወይም የእሳት እራት እጭ ነው። ለዚህ ዝርያ እጭ ስሙ በሚገባ ይስማማዋል።

የሳይንሳዊ ስሙ ሁለተኛ ክፍል «ፒቲዮካምፓ» የመጣው ከግሪክኛ «ፒቲስ» (ፓይን) እና «ካምፔ» (አባጨጓሬ) ሲሆን ትርጉሙ «የፓይን አባጨጓሬ» ማለት ነው። ዝርያውን በዘመናዊው አሰያየም እ.ኤ.አ. በ1775 የመዘገቡት ዴኒስና ሺፈርሚውለር የተባሉ የቪየና ተመራማሪዎች ናቸው።

በሚገኝባቸው በብዙ አገሮች የሕዝብ ስሙ ሰልፉን ያነሣል። በጣሊያንኛ «ፕሮቼሲዮናሪያ»፣ በስፓንኛ «ፕሮሴሲዮናሪያ ዴል ፒኖ»፣ በፈረንሳይኛ «ፕሮሴሲዮኔር ዱ ፓን» ይባላል። በእስራኤል የሚኖረው የቅርብ ዘመዱም በዕብራይስጥ «ታዋይ ሃታሃሉኻ» ይባላል፤ ይህም «የሰልፍ ፈታይ» እንደማለት ነው።

የምግብ ዛፉን ስም በተመለከተ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሊባኖስ ዛፍ ብዙ ጊዜ «ዝግባ» ተብሎ ይጠራል። በኢትዮጵያ ደኖች ዝግባ የሚባለው ግን የሌላ ወገን ዛፍ ነው። በሊባኖስ፣ በቱርክ፣ በአልጄሪያና በሞሮኮ ተራሮች የሚበቅለው እውነተኛው አርዝ በተፈጥሮ በኢትዮጵያ አይገኝም። የኢትዮጵያ ሀገር በቀል ጥድም ከሁለቱ የተለየ ነው። በዚህ ጽሑፍ «አርዝ» የሚለው ቃል የሚያመለክተው አርዘ ሊባኖስንና የቅርብ ዘመዶቹን ብቻ ነው።

ምደባና ዘመዶች

ሰልፈኛው የእሳት እራት ኖቶዶንቲዴ ከሚባለው የእሳት እራቶች ቤተሰብ ይመደባል። በታውሜቶፖያ ወገን ውስጥ ያሉት ዝርያዎች የሚበሉት ዛፍና የሚኖሩበት አካባቢ ይለያያል። ከእነዚህ የታወቁት የሚከተሉት ናቸው፦

የአርዝ ሰልፈኛ (ታውሜቶፖያ ቦንዣኒ)፦ በአልጄሪያና በሞሮኮ ተራሮች በአትላስ አርዝ ላይ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1922 በፓወል የተሰየመ ሲሆን፣ አባጨጓሬው በብርድ ወራት ሳይሆን በሙቀት ወራት ይመገባል።

የምሥራቅ ፓይን ሰልፈኛ (ታውሜቶፖያ ዊልኪንሶኒ)፦ በቆጵሮስ፣ በቱርክ፣ በሊባኖስና በእስራኤል ይገኛል። በመልክና በጠባይ ከፓይን ሰልፈኛው ለመለየት ያስቸግራል፤ ልዩነታቸው ይበልጥ የታወቀው በዘር ምርመራ ነው። ዋና ምግቡ ፓይን ቢሆንም አርዘ ሊባኖስንም ይበላል።

በባሉጥ ዛፍ ላይ የሚኖረው የባሉጥ ሰልፈኛ (ታውሜቶፖያ ፕሮሴሲዮኔያ)፦ በመካከለኛውና በምዕራብ አውሮፓ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በለንደን መገኘቱ ከታወቀ ወዲህ በዚያ ሥር ሰዷል።

በሐሩር አፍሪካ የሚኖሩት አናፌ የተባሉት የእሳት እራቶችም የዚሁ ነገድ ዘመዶች ናቸው። እነርሱም በኅብረት ጎጆ ይፈትላሉ፣ በሰልፍም ይጓዛሉ። ከጎጇቸው የሚገኘውን ሐር በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ለጨርቅ ሥራ ይጠቀሙበታል።

መልክ

ጉልምሱ የእሳት እራት ደብዛዛ መልክ አለው። የፊት ክንፎቹ አመድማ ቡኒ ሆነው ጠቆር ያሉ መስመሮች ያቋርጧቸዋል። የኋላ ክንፎቹ ነጭ ሲሆኑ በጠርዛቸው ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። የሴቷ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ36 እስከ 49 ሚሊ ሜትር፣ የወንዱ ከ31 እስከ 39 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በግንባሩ ላይ ጠንካራና ሸካራ ጉብታ አለው፤ ከመሬት ሲወጣ አፈሩን የሚቆፍረው በዚህ ነው። ሴቷ በሆዷ ጫፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ቅርፊት ትይዛለች።

አባጨጓሬው ሲያድግ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ይኖረዋል። ጀርባው ጥቁር ወይም ሰማያዊ የተቀላቀለበት ግራጫ ነው። በጀርባው ላይ ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ የፀጉር ጉንጉን፣ በጎኑ ደግሞ ረጃጅም ነጭ ፀጉር ይታያል። እነዚህ በዓይን የሚታዩት ፀጉሮች ዋናዎቹ ጎጂዎች አይደሉም። ጉዳት የሚያደርሱት በጀርባው ክፍሎች ላይ እንደ ትንሽ መስተዋት በሚታዩ ስፍራዎች የታጨቁት፣ በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ፀጉሮች ናቸው።

የሕይወት ዑደት

አብዛኛውን ጊዜ ዑደቱ በአንድ ዓመት ይጠናቀቃል። ከብዙ ነፍሳት የሚለየው አባጨጓሬው የሚያድገው በብርድ ወራት መሆኑ ነው።

እንቁላል፦ ጉልምሶቹ ከመሬት የሚወጡት እንደየአካባቢው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። አፋቸው ለመብላት ስለማይሠራ ምንም አይቀምሱም፤ ዕድሜያቸውም አንድ ወይም ሁለት ቀን ያህል ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ተራክበው ሴቷ እንቁላሏን ትጥላለች። እንቁላሎቹን የምትደረድረው በጥንድ የፓይን ቅጠል ዙሪያ ሲሆን፣ ክምችቱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቱቦ ይመስላል። በአንድ ክምችት ከ70 እስከ 300 እንቁላል ይኖራል። ከዚያም ከሆዷ ጫፍ በሚረግፈው ቅርፊት ሸፍና ትተወዋለች። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የዛፉ ለጋ ቡቃያ ይመስላል።

እጭ፦ እንቁላሉ ከ30 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ከአንድ ክምችት የወጡት እህትና ወንድም አባጨጓሬዎች አይለያዩም። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይፈትላሉ፣ አብረው ያርፋሉ። ሙሽሬ እስኪሆኑ ድረስ አራት ጊዜ ቆዳቸውን በመለወጥ አምስት የዕድገት ደረጃዎችን ያልፋሉ። አሳካኪው ፀጉር የሚወጣው ከሦስተኛው ደረጃ ጀምሮ ነው።

ጎጆ፦ መጀመሪያ ላይ ትንንሽ ጊዜያዊ ጎጆ እየሠሩ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዛወራሉ። ብርዱ ሲጀምር ግን ፀሐይ በደንብ በሚያገኘው የዛፉ ክፍል፣ ብዙውን ጊዜ በደቡብ በኩል ባለው የቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ የሐር ጎጆ ይሠራሉ። ጎጆው የተለየ በር የለውም፤ አባጨጓሬዎቹ የሐሩን ድርብርብ እየገፉ ይወጣሉ፣ ይገባሉም። ቀን ፀሐይ ጎጆውን ስታሞቀው ውስጡ ካለው አየር ይልቅ ይሞቃል፤ ይህም የበሉትን ለመፍጨት ይረዳቸዋል። ማታ ወጥተው ቅጠል ይበላሉ፣ ሳይነጋ ይመለሳሉ። ለመውጣታቸው ሁለት ነገር መሟላት እንዳለበት ጥናት አሳይቷል፦ ቀን የጎጆው ሙቀት ከ9 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፍ፣ ሌሊት የአየሩ ሙቀት ደግሞ ከ0 ዲግሪ በታች አለመውረድ። ይህ ካልሆነ ሳይበሉ ያድራሉ፤ ብርዱ ከረዘመም በረሃብ ያልቃሉ።

ሰልፍና ሙሽሬ፦ ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ያደጉት አባጨጓሬዎች ዛፉን ትተው ይወርዳሉ። በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ለስላሳና ፀሐይ የሚያገኘው አፈር ይፈልጋሉ። ባገኙ ጊዜ ከ5 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ገብተው እያንዳንዱ በሐር ኮረጆ ተጠቅልሎ ሙሽሬ ይሆናል። አብዛኛዎቹ በዚያው ዓመት የሙቀት ወራት የእሳት እራት ሆነው ይወጣሉ። ጥቂቶቹ ግን ከአፈር ሥር ተኝተው ለበርካታ ዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት አንድ ዓመት በብርድ ወይም በመድኃኒት ቢያልቁ እንኳ ከመሬት በታች የተቀመጠ ትርፍ ዘር አይጠፋም።

ከዚህ የተለመደ ሥርዓት የወጣ ሕዝብም ተገኝቷል። በፖርቱጋል በሌይሪያ ብሔራዊ ደን እ.ኤ.አ. በ1997 አባጨጓሬዎቹ በሙቀት ወራት የሚያድጉበት ቡድን ታውቋል። በዚያው ደን በብርድ ወራት የሚያድገው ቡድንም ይኖራል።

ሰልፉና የፋብር ሙከራ

በሰልፉ ውስጥ የእያንዳንዱ አባጨጓሬ ራስ ከፊቱ ያለውን ጓደኛውን ኋላ ይነካል። መስመሩን የሚጠብቁት በዚህ ንክኪና በሆዳቸው ጫፍ መሬት ላይ በሚተዉት የሽታ ምልክት ነው። እየተጓዙም ሐር ይፈትላሉ። መሪ ሆኖ የተወለደ የለም። ከፊት የተገኘው ይመራል፤ እርሱ ቢወሰድ ተከታዩ መሪ ይሆናል።

ፈረንሳዊው የነፍሳት ተመራማሪ ዣን አንሪ ፋብር ይህን ጠባይ በፕሮቫንስ በሚገኘው መኖሪያው በቅርብ ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1896 መጨረሻ ላይ አባጨጓሬዎቹ በአንድ ትልቅ የዘንባባ መትከያ ገንቦ አፍ ላይ ወጥተው ክብ ሰልፍ ሲሠሩ አገኘ። የመጀመሪያው የመጨረሻውን ስለተከተለ ሰልፉ መሪም መድረሻም አጣ። የገንቦው አፍ ዙሪያ 1.35 ሜትር ነበር። አባጨጓሬዎቹ ምግብ በቅርብ እያለ ለሰባት ቀን ያህል በዚያው ክብ ላይ ተመላለሱ። ሌሊት በብርድ እየቆሙ፣ ቀን ሲሞቃቸው እየቀጠሉ፣ ፋብር እንዳሰላው 84 ሰዓት ተጉዘው 335 ጊዜ ዞሩ፤ ይህም 453 ሜትር ያህል ነው። ነጻ የወጡት በድካምና በብርድ መስመሩ እየተቆራረጠ ሲሄድ ጥቂቶቹ ከክቡ ወጥተው አዲስ መንገድ በመክፈታቸው ነው።

ይህ ሙከራ ብዙ ጊዜ ሳያስቡ መከተልን ለመንቀፍ እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ በተፈጥሮ ባለው ኑሯቸው ጠባዩ ይጠቅማቸዋል። በቅርንጫፍና በመሬት ላይ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ክብ መንገድ እምብዛም አያጋጥምም፤ በመቶ የሚቆጠሩ ወንድማማቾች በጨለማ ወጥተው በልተው ወደ አንድ ጎጆ የሚመለሱት ግን በዚሁ መከተል ነው።

የሚያጠቃቸው ዛፎች

በብዛት የሚጠቃው ፓይን ነው። ከፓይን ዝርያዎች ጥቁር ፓይን፣ የስኮትላንድ ፓይን፣ የሐለብ ፓይን፣ የባሕር ዳርቻ ፓይንና ራዲያታ ይገኙበታል። ከአርዝ ወገን የአትላስ አርዝ፣ አርዘ ሊባኖስና የሂማላያ አርዝ ይበላሉ። የሂማላያ አርዝ በአውሮፓ ከተሞች ለጌጥ የሚተከል በመሆኑ ጎጆው በመናፈሻና በመንገድ ዳር ሊታይ ይችላል።

አባጨጓሬዎቹ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ቢያራቁቱትም ጤነኛና ትልቅ ዛፍ ብዙውን ጊዜ በዚያ ብቻ አይሞትም። አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው አባጨጓሬዎቹ ከወረዱ በኋላ ስለሆነ ዛፉ እንደገና ይለብሳል። ጉዳቱ የሚታየው በዕድገት ነው፦ በዚያ ዓመት ግንዱ የሚጨምረው ውፍረት ይቀንሳል፣ የፍሬ ምርቱም ይጎድላል። ለጋ ችግኝ ግን ሊደርቅ ይችላል። ጥቃቱ ከዓመት ዓመት ከተደጋገመና ድርቅ ከተጨመረበት ትልቁም ዛፍ ይዳከማል፤ የተዳከመ ዛፍ ደግሞ ልጡን ለሚቦረቡሩ ጥንዚዛዎች ይጋለጣል።

ለአትላስ አርዝ ነገሩ የከፋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ዛፍ በተፈጥሮ የሚበቅለው በሞሮኮና በአልጄሪያ ተራሮች ብቻ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ደኑን የሚያሳንሱት ድርቅ፣ ቃጠሎ፣ ልቅ ግጦሽና ቆረጣ ናቸው። በእነዚህ ላይ የቅጠል በላተኞች ጥቃት ሲታከል ዛፉ የማገገሚያ ጊዜ ያጣል።

በሊባኖስ አርዝ ላይ በቅርብ ጊዜ ከፍተኛ ጉዳት ያደረሰው ነፍሳት ግን የእሳት እራት አይደለም። በሰሜን ሊባኖስ በታኑሪን የአርዝ ደን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተገኘው ሴፋልሲያ ታኑሪኔንሲስ ከተርብ ወገን የሆነ ነፍሳት ነው። እጩ አባጨጓሬ ስለሚመስልና የአርዝ ቅጠል ስለሚበላ ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ይምታታሉ።

በሰውና በእንስሳት ጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

አንድ ያደገ አባጨጓሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፀጉሮች ይይዛል። እያንዳንዱ ፀጉር ከአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ አይበልጥም፤ ጫፉ የሾለ፣ ጎኑም እንደ ጦር ቀንድ ያለው ነው። አባጨጓሬው ሲደነግጥ የጀርባውን ስፍራ ከፍቶ ፀጉሩን ይለቃል። ፀጉሩ በነፋስ ስለሚነሣ ጉዳት ለማድረስ አባጨጓሬውን መንካት ግድ አይደለም። በቆዳ ላይ ሲያርፍ እንደ መርፌ ይሰካል፣ ሲሰበርም ታውሜቶፖይን የተባለውን ጨምሮ የተለያዩ ፕሮቲኖችን ይለቃል። በባዶ ጎጆና በአፈር ውስጥ የቀረው ፀጉር አባጨጓሬዎቹ ከሄዱ በኋላም ለረጅም ጊዜ ኃይሉን አያጣም።

በሰው ላይ የተለመደው ምልክት በአንገት፣ በክንድና በሌላ በተገለጠ ገላ ላይ የሚወጣ ቀይ ሽፍታና ኃይለኛ ማሳከክ ነው። ወደ ዓይን ከገባ ዓይኑ ይቀላል፣ ያብጣል፤ ፀጉሩ ጠልቆ ከገባም የዓይን ሐኪም ካላወጣው ጉዳቱ ይከፋል። በትንፋሽ ሲገባ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያመጣል፤ በተለይ አስም ያለበት ሰው ይቸገራል። አልፎ አልፎ መላ ሰውነትን የሚያስቆጣና ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ያስነሣል። ይበልጥ የሚጋለጡት የደን ሠራተኞች፣ አትክልተኞች፣ እንጨት ለቃሚዎችና ከዛፍ ሥር የሚጫወቱ ሕፃናት ናቸው።

ውሾች የሚጎዱት ሰልፉን ሲያዩ ለማሽተትና ለመላስ ስለሚጠጉ ነው። አፋቸው ያብጣል፣ ለሃጫቸው ይዝረከረካል፤ ፀጉሩ የተሰካበት የምላስ ክፍል ሊሞትና ሊቆረጥ ይችላል። ፈጥኖ ሕክምና ካላገኘ ውሻው ሊሞት ይችላል።

አደጋው ሲደርስ የሚመከረው እርምጃ የሚከተለው ነው፦

ቆዳውን አለማሸት፤ ማሸት ፀጉሩን ሰብሮ ይበልጥ ያስገባዋል።

በቆዳ ላይ ያለውን ፀጉር በሚጣበቅ ፕላስተር ለጥፎ ማንሣት፣ ከዚያም በብዙ ውሃ ማጠብ።

ልብስን በጥንቃቄ አውልቆ በሙቅ ውሃ ማጠብ።

ዓይንን በንጹሕ ውሃ ማጠብና ሐኪም ዘንድ መሄድ።

ትንፋሽ ካጠረ፣ ፊት ወይም ጉሮሮ ካበጠ ወዲያው የድንገተኛ ሕክምና መጥራት።

የውሻውን አፍ ሳያሹ በውሃ ማጥራትና ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ።

የተፈጥሮ ጠላቶች

ፀጉሩ ብዙ አዳኞችን ቢያርቅም ሁሉንም አይከለክልም። በኢትዮጵያም የሚታወቀው ጅንጁላቴ ወፍ በረጅም ምንቃሩ አፈሩን ቆፍሮ ሙሽሬዎቹን ይበላል። ከኩኩ ወገን የሆነ አንድ ወፍ ፀጉራሙን አባጨጓሬ ሳይቸገር ይውጣል። በአውሮፓ ታላቁ ቲት የምትባለው ትንሽ ወፍ ደግሞ በብርድ ወራት ጎጆውን ቀድዳ የአባጨጓሬውን ውስጥ በልታ ፀጉራሙን ቆዳ ትጥላለች።

ከነፍሳት መካከል እንቁላሉ ውስጥ የራሳቸውን እንቁላል የሚጥሉ እጅግ ጥቃቅን ተርቦች አሉ፤ የእነርሱ ዘር የሰልፈኛውን እንቁላል በልቶ ያድጋል። የአባጨጓሬውንና የሙሽሬውን ገላ የሚበሉ ጥገኛ ዝንቦችም ይታወቃሉ። ካሎሶማ የተባለው አረንጓዴ ብልጭልጭ ጥንዚዛ አባጨጓሬዎችን ያድናል። በእርጥብ አፈር ውስጥ የሚገኙ ፈንገሶችም ሙሽሬዎቹን ይገድላሉ። እነዚህ ሁሉ ቢኖሩም የሰልፈኛው ቁጥር በየጥቂት ዓመታት እየጨመረና እየቀነሰ ይሄዳል።

ስርጭትና የአየር ንብረት

ዝርያው በፖርቱጋል፣ በስፔን፣ በፈረንሳይ፣ በጣሊያን፣ በባልካን አገሮችና በሰሜን አፍሪካ ይገኛል። ከአልጄሪያ ምሥራቅ እስከ ሊቢያ ያለው ሕዝብ በዘር ምርመራ ከአውሮፓው የተለየ መሆኑ ታውቋል። የተፈጥሮ ክልሉ ኢትዮጵያን አያካትትም።

ወደ ሰሜንና ወደ ተራራ እንዳይወጣ ለዘመናት ያገደው ብርድ ነበር። የብርድ ወራት ሙቀት እየጨመረ ሲመጣ ይህ ወሰን ተንቀሳቀሰ። በሰሜን መካከለኛ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2004 ባሉት ዓመታት ወሰኑ 87 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ተገፍቷል። በሰሜን ጣሊያን የአልፕስ ተራሮች እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 2004 ድረስ ከ110 እስከ 230 ሜትር ከፍታ ጨምሯል። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2003 የሙቀት ወራት ሌሊቶቹ ሞቃት ስለነበሩ የእሳት እራቶቹ ከወትሮው ይልቅ ከፍ ብለው መብረር ቻሉ። በዚህ ምክንያት ዝርያው የአየር ንብረት ለውጥ በነፍሳት ላይ ለሚያስከትለው ተጽዕኖ ከታወቁት ማስረጃዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

ከዚህ ቀደም ያልነበረበት ደን ላይ ሲደርስ ጉዳቱ ይከብዳል። በደቡብ ስፔን በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ከበረዶ ዘመን የቀረ የስኮትላንድ ፓይን ደን አለ። ዛፎቹ በብርድ ይጠበቁ የነበሩ ሲሆን፣ አሁን ሰልፈኛው ወደ ከፍታቸው በመውጣቱ በእድገታቸውና በፍሬያቸው ላይ ጉዳት ደርሷል።

ስርጭቱን ሰውም ያግዘዋል። ትልልቅ የጌጥ ዛፎች ከነአፈራቸው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲጫኑ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ሙሽሬዎች አብረው ይጓዛሉ። በፓሪስ ዙሪያና ከተፈጥሮ ወሰኑ ርቀው የተገኙ አንዳንድ ሕዝቦች በዚህ መንገድ እንደደረሱ ታውቋል። በሌላ በኩል በጣም ኃይለኛ ሙቀት እንቁላሉንና ለጋውን አባጨጓሬ ስለሚገድል በደቡባዊው ጠረፍ ዝርያው ሊያፈገፍግ ይችላል።

መከላከያ

ዝርያውን ከአንድ አገር ፈጽሞ ማጥፋት አልተቻለም። የሚደረገው ቁጥሩን መቀነስና ሰው ከሚበዛበት ስፍራ ማራቅ ነው። ለእያንዳንዱ ዘዴ ተገቢው ጊዜ በሕይወት ዑደቱ ይወሰናል።

በብርድ ወራት ጎጆውን ቆርጦ ማቃጠል የቆየው ዘዴ ነው። ይህን የሚሠራ ሰው ገላውን በሙሉ የሚሸፍን ልብስ፣ ጓንት፣ መነጽርና የትንፋሽ መከለያ ያስፈልገዋል። ጎጆውን በዱላ መምታት ወይም ውሃ መርጨት ፀጉሩን ስለሚበትን አይመከርም።

ሰልፉ ከመውረዱ በፊት በግንዱ ዙሪያ ቀለበት መሰል ቦይ ይታሰራል። የሚወርዱት አባጨጓሬዎች በቦዩ ተመርተው አፈር ወዳለበት ከረጢት ይገባሉ። በዚያ ሙሽሬ ከሆኑ በኋላ ከረጢቱ ተወስዶ ይወገዳል። ለትምህርት ቤቶችና ለመናፈሻዎች ተስማሚ ዘዴ ነው።

በሙቀት ወራት የሴቷን ሽታ አስመስሎ በተሠራ ፌሮሞን ወንዶቹን ማጥመድ ይቻላል። ወጥመዱ በይበልጥ የሚያገለግለው መቼና ምን ያህል እንደወጡ ለማወቅ ነው።

አባጨጓሬዎቹ ለጋ ሳሉ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ባክቴሪያ በቅጠሉ ላይ ይረጫል። አባጨጓሬው ከቅጠሉ ጋር ሲበላው አንጀቱን ያበላሸዋል። ለሰውና ለወፍ ጉዳት የለውም፤ በዚያው ጊዜ ቅጠል የሚበሉ የሌሎች ቢራቢሮዎችን እጮች ግን አብሮ ይገድላል። ፀሐይ ቶሎ ስለሚያመክነውም ጊዜውን ጠብቆ መርጨት ያስፈልጋል።

ለቲት ወፎች የእንጨት ጎጆ መስቀል፣ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ከመትከል ይልቅ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ዛፎች ማቀላቀል ዘላቂ ዘዴዎች ናቸው። በደን ጠርዝ የተተከሉ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ፓይኑን ከእንቁላል ጣይዋ እይታ ይሸሽጉታል።

በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2022 የወጣ ድንጋጌ የፓይንና የባሉጥ ሰልፈኞችን ለሰው ጤና ጎጂ ከሆኑ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ የደን ባለቤቶች ብቻ መሆኑ ቀርቶ የአካባቢ አስተዳደሮችም ኃላፊነት ሆኗል።

በታሪክ

የአባጨጓሬው ጎጂነት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የግሪኩ ሐኪም ዲዮስኮሪደስና የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ ከመርዞች ጋር ጠቅሰውታል። በሮማ ሕግም ስፍራ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ533 በንጉሥ ዮስጢንያኖስ ዘመን በወጣው የሕግ ስብስብ ውስጥ መርዛማ ነገሮችን በግዴለሽነት ለሰው የሚሰጡ መድኃኒት ሻጮች በነፍስ ገዳዮችና በመርዘኞች ሕግ እንደሚቀጡ ተደንግጓል። በዚያ ከተዘረዘሩት መርዞች አንዱ የፓይን አባጨጓሬ ነው።

በአዲሱ ዘመን ስለ ዝርያው አኗኗር ሰፊ ጥናት ካሳተሙት መካከል ፈረንሳዊው ሬኦሚውር አንዱ ሲሆን ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1736 ነው። ፋብር ከአንድ መቶ ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ ምርመራውን ሲጀምር የሬኦሚውርን ሥራ መነሻ አድርጓል። ሬኦሚውር በፓሪስ ሆኖ ከደቡብ በሚላክለት ጎጆ ይመራመር ነበር፤ ፋብር ግን ዝርያው በሚኖርበት አገር ስለነበረ አባጨጓሬዎቹን በግቢው አርብቶ ቀንና ሌሊት ሊከታተላቸው ችሏል።